ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት፤ መነሻው ምን ይሆን?

በሙያዬ ነርስ ነኝ። በየትምህርት ቤቱ ለሚገኙ ፀረ ኤድስ ክበባት ትምህርት ለመስጠት ስሄድ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት እንዲያቀብሉኝ አደርጋለሁ። ስለ ኮንዶም፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ደም ምርመራ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ መሀል አንድ የማይጠፋ ጥያቄ አለ። «ሌሊት ራሴን እያመመኝ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። ኤች.አይ.ቪ ይሆን እንዴ?» የሚል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው፤ ወረቀቱም ደጋግሞ የታጠፈ።

ይህን ጥያቄ ሳነብ አልስቅም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ጠይቄዋለሁና። ልዩነቱ እኔ የጠየቅኩት ራሴን ብቻ መሆኑ ነው። ለሌላ ሰው ባለመናገሬም እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለሞት ትንሽ ነበር የቀረን። ስለዚህ ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ሦስት ልጆች በአንድ ክፍል

ጊዜው 1997 ዓ.ም ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያኔ መሰናዶ ትምህርት ቤት በየወረዳው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከሸዋ ሮቢት፣ አንዱ ጓደኛዬ ከአጣዬ፣ ሌላው ከመንዝ መጥተን ደብረ ብርሃን ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ክፍሏ የጭቃ ቤት ናት። አንድ ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ ከገባባት በኋላ መላወሻ የላትም። ቤተሰቦቻችን በየወሩ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ሽሮና በሶ ይልኩልናል፤ ማታ ማታ ሽሮዋን በከሰል እንሠራለን።

ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ አያድርስ ነው። ለኔ ለቆላው ልጅ ደግሞ የባሰ ነበር። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ተቀምጠን ለሦስታችን የነበረን ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነበር። የመንዙ ልጅ እንኳ በርኖሱን ይዞ ስለመጣ ደልቶታል፤ በር ሥር የሚተኛውም እሱ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? የመስኮቱን ቀዳዳ በፌስታል ወተፍነው፣ የበሩን ሥር በጆንያ ደፈንነው። ሽሮው ሲወርድ ጭሱ እስኪያልቅ ፈርኔሎውን ውጭ እናቆየዋለን፤ ከሰሉ ቀይ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ አስገብተን እግራችን አጠገብ አድርገን እንተኛለን። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ምን ያደርገናል ብለን ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ጀመረኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስነቃ ግንባሬን በገመድ ጠፍረው የሚያጠብቁት ያህል ይሰማኛል። ያቅለሸልሸኛል፤ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስደርስ ግን ምንም የለም። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት አድሬ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን አስተውያለሁ፤ «ዛሬ ስላልተጨነቅኩ ነው» ብዬ ነው ያለፍኩት።

የምጨነቅበት ምክንያት ነበረኝ። በነሐሴ ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ ሳለ ከአንዲት ልጅ ጋር ያለ ኮንዶም የግብረ ሥጋ ግንኙነት አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ብቻ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለ ኤድስ ምልክቶች ጽሑፍ የማነበው ደግሞ እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ «የማያቋርጥ ራስ ምታት» የሚል ነበረበት። በማይክሮፎን ለ2 ሺህ ተማሪ ያነበብኩት ቃል ሌሊት ሌሊት በጆሮዬ ይመላለስ ጀመር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው ከዚያ በኋላ በጥር 1997 ዓ.ም ነው። ለኛ ያኔ ቫይረሱና ሞት አንድ ነበሩ።

አንድ ቀን ጨክኜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «መቼ መቼ ነው የሚያምህ?» ተባልኩ። «ሁልጊዜ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ዝርዝር ውስጥ ከገባን ስለ ግንኙነትና ስለ ደም ምርመራ ይጠይቁኛል ብዬ ስለፈራሁ ቶሎ መውጣት ፈልጌ ነበር። ፓራሲታሞል ይዤ ተመለስኩ። «ሌሊት ብቻ፤ ውጭ ስወጣ ይተወኛል» ብዬ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?» የሚል ይሆን ነበር። ዛሬ እኔ በዚያ ወንበር ስቀመጥ የምጠይቀው ይህንኑ ነውና።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሌሊት ነው። የአጣዬው ጓደኛዬ ሽንቱን ሊሸና ተነሳ፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳወጣ እዚያው ደፉ ላይ ወደቀ። የቤቱ ባለቤት እማማ እንደ ዕድል ለማኅሌት ሊሄዱ ነቅተው ኖሮ ድምፅ ሰሙ። «ኧረ የሰው ያለህ! ከሰል አፈናቸው!» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱት። እኔን በብብቴ ይዘው ወደ ውርጩ ሲጎትቱኝ ትዝ ይለኛል፤ ልቆም ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሎሚ አሸተቱን፣ ፊታችን ላይ ውሃ ረጩብን። የወደቀው ልጅ ግን ስላልነቃ በጋሪ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ኦክስጅን ተደርጎለት ከቀትር በኋላ ነው አፉን የፈታው። ትምህርት ከጀመረ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ነገር ይረሳ ነበር።

በማግሥቱ ምን አወቅን መሰላችሁ? ለካስ ሦስታችንንም ያመን ነበር! የአጣዬው ልጅ ዓይኔ ደክሞ ነው፣ መነጽር ያስፈልገኛል ብሎ ገንዘብ እንዲላክለት ጽፎ ነበር። የመንዙ ልጅ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ለገና ሲሄድ ጠበል ሊገባ ቆርጧል። የኔን ታውቁታላችሁ። በአንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን አንዳችን ለሌላችን አልተናገርንም። ሦስት ራስ፣ ሦስት ምክንያት፣ አንድ ፈርኔሎ።

የማይሸተው ጋዝ

ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ይህን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተምረነው ነበር እኮ! ስለ ያልተሟላ ቃጠሎ ፈተና ላይ ሲመጣ በትክክል መልሻለሁ። መልሼ ስመጣ ግን በዚያው ማታ ፈርኔሎ አጠገብ ተኛሁ። ደብተሩ ላይ ያለው ጋዝና እግሬ ሥር ያለው ፍም አንድ መሆናቸው አልታየኝም።

ጋዙ ወደ ሳምባ ሲገባ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር የሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት ቢሆንም ደሙ ቀስ በቀስ በእሱ ይያዛል፤ አንጎልም ኦክስጅን ይጠማዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መምታታት፤ ከዚያ ራስን መሳት። ተኝቶ ያለ ሰው እነዚህን ደረጃዎች ሁሉ ሳያውቃቸው ሊያልፋቸውና ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። እኛን ራስ ምታቱ የቀሰቀሰን ዕድል ቀንቶን ነው።

ትልቁ ስህተታችን «ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም» ማለታችን ነበር። የሚያስለው፣ የሚያስነጥሰው ጭሱ ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ከቀዩም ፍም ይወጣል። ፍሙ ላይ ጨው ጣል ካደረጉበት አይመታም የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አጠገቡ ውሃ በሳህን የሚያስቀምጡም አሉ። ጨውም ሆነ ውሃ ይህን ጋዝ አያስቀረውም። ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣትም ከደም ውስጥ አያወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት በአፉ መስጠት እንዲያውም ወደ ሳምባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። እማማ ያዳኑን በሎሚው አይደለም፤ ጎትተው ስላወጡን ነው። ንጹሕ አየር ላይ የወጣ ሰው በደሙ ካለው ጋዝ ግማሹ እንኳ እስኪወጣለት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። በሆስፒታል በጭምብል ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ራሱን የሳተ፣ የሚያምታታው፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት «አሁን ተሻለኝ» ቢሉም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው።

የከሰል ራስ ምታትን ከሌላው የምትለዩበት ዘዴ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያደረ ሌላ ሰውንም ያመዋል? ከቤት ወጥታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ስትቆዩ ይለቃችኋል? ሌላ ቤት ስታድሩ ይጠፋል? ከሰል ባልነደደበት ሌሊትስ? መልሱ አዎ ከሆነ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱ፣ ፈርኔሎውን አውጡ። ይህ ተከራይቶ በሚማር ተማሪ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። አራስ ቤት ይሙቅ ተብሎ ከሰል ሲነድ፣ ቡና ተፈልቶ ፍሙ እዚያው ሲታደር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በዝግ ቤት ሲሠራም ያው ጋዝ ነው።

ከሰል የሌለበት ቤትስ?

ራስ ምታት ሁሉ ከከሰል ነው እያልኩ አይደለም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱ ብዙ ዓይነት ራስ ምታቶች አሉ።

በናንተ ዕድሜ በብዛት የማየው ማይግሬን ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ላይ ይቀሰቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ራስን ይይዛል፣ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ያስመልሳል። ከቤተሰብ ይወረሳል፤ እናታችሁን ብትጠይቋት «እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ያደርገኝ ነበር» ልትላችሁ ትችላለች። እንቅልፍ ሲጓደል፣ ምግብ ሲዘለል፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ይነሳል። የፈተና ሰሞን የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ትምህርቱ ሳይሆን አለመተኛቱና አለመብላቱ ነው የሚያስነሳው። «እስከ ሌሊት ለማጥናት» ብሎ ጫት የሚቅም ተማሪ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። እንቅልፉም የለ፣ የምግብ ፍላጎቱም የለ።

ቡናም አለበት። ዘወትር ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲቀርበት ከመጨረሻው ስኒ 12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ራሱን ሊያመው ይችላል። የጠዋት ቡናዋን የለመደች ልጅ ቡና በሌለበት ቤት ብታድር ሌሊቱን ወይም ንጋት ላይ ራስ ምታት ቢቀሰቅሳት አይደንቅም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተዋታል።

ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ጠዋት ጆሮ ግንዱና መንጋጋው ደክሞ፣ ራሱን አሞት ይነሳል። ማፋጨቱን ራሱ አያውቀውም፤ የሚነግረው አብሮት የሚተኛው ነው። ማንኮራፋትም እንዲሁ። ቶንሲሉ ያበጠ ወይም በጣም የወፈረ ሰው ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም፣ ቀጥል እያለ ሲያድር ኦክስጅን ያንሰውና ሲነጋ ራሱ ከብዶት ይነሳል፤ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል። እንዲህ ዓይነት ተማሪ መምህሩ ሰነፍ ሲለው ይኖራል፤ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ከቆላ ወደ ደጋ በድንገት የወጣ ሰውም ከ2,500 ሜትር በላይ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ራሱን ሊያመው ይችላል። ይህ በጥቂት ቀን ይለቃል። እኔ ደብረ ብርሃን የገባሁት በመስከረም፣ ያመመኝ በታኅሣሥ ስለሆነ በከፍታው ማሳበብ አልችልም ነበር።

አንዱ የተለየ ዓይነት ደግሞ አለ። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ላይ እንደ ደወል እየቀሰቀሰ በአንድ ዓይን ዙሪያ ይወጋል፤ ያ ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ አፍንጫ ይታፈናል። የታመመው ሰው መተኛት አይችልም፤ እየተንጎራደደ ነው የሚያሳልፈው። ከሩብ ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ ለሳምንታት ተመላልሶ ደግሞ ይጠፋል። ብዙ ሰው የለውም፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሕክምናም አለው። አያታችሁ በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ላይ ራሳቸውን አሟቸው የሚነቁ ከሆነ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች የሚታይ፣ በእንቅልፍ ላይ ብቻ የሚመጣ ራስ ምታት ስላለ ለሐኪም ይንገሩ። የሚገርማችሁ፣ ለዚህኛው ሐኪሞች ከሚያዙት ነገር አንዱ ከመኝታ በፊት ቡና ነው!

ማስታገሻው ራሱም ያሳምማል። በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ፓራሲታሞልን የመሰለ ክኒን እየወሰደ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሰው፣ በክኒኑ ምክንያት በየቀኑ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ጠዋት የሚቀሰቅስ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ከሱቅ ክኒን እየገዛችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ቁጠሩት እስቲ።

ኤች.አይ.ቪስ?

ወደ ቁራጯ ወረቀት እንመለስ። መልሱ ግልጽ ነው። በራስ ምታት ኤች.አይ.ቪ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንድ ሰዎችን እንደ ጉንፋን ያደርጋቸዋል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ ራስ ምታትም ጭምር። ብዙዎች ግን ምንም አይሰማቸውም። ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች በአብዛኛው ቫይረሱ የለባቸውም፤ ቫይረሱ ያለባቸው ብዙዎችም ራሳቸውን አያማቸውም። ያ በማይክሮፎን ያነበብኩት ዝርዝር ትምህርት ሳይሆን ፍርሃት ነበር ያስተማረኝ።

ራስ ምታት ከቫይረሱ ጋር በእውነት የሚገናኝበት መንገድ ግን አለ፤ እሱን ልሸፋፍንባችሁ አልፈልግም። ሳይታከም ብዙ ጊዜ በቆየ፣ ወይም መድኃኒቱን ባቋረጠ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ በተለይም ሲዲ ፎር ከ100 በታች ሲወርድ፣ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ የአንጎልን ሽፋን ሊያጠቃ ይችላል። ራስ ምታቱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየበረታ ይሄዳል፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ አንዳንዴም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ይከተላል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተጓዳኝ በሽታ ደግሞ ከራስ ምታቱ ጋር ግማሽ አካልን ሊያደክም፣ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያም የአንጎል ሽፋን ላይ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ገዳይ ናቸው፣ ሁሉም ሕክምና አላቸው። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና መከላከያው የዳበረ ሰው ግን እነዚህ በሽታዎች እምብዛም አያገኙትም።

ከእናንተ መካከል ከቫይረሱ ጋር የተወለዳችሁ፣ ወይም በቅርቡ ያወቃችሁና መድኃኒት የምትወስዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህቺ ለእናንተ ናት። ቀድሞ በሀገራችን በብዛት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ ከመኝታ በፊት የሚዋጥ ሲሆን ያዞር፣ የሚያስጨንቅ ሕልም ያሳይ ነበር። አሁን በአብዛኛው ተተክቶ ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ይሰጣል። ይህኛውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ራሱንም ያመዋል፤ ብዙውን ጊዜ እያደር ይተወዋል። እንዲህ ከሆነባችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ። ጤና ባለሙያችሁን «ከማታ ወደ ጠዋት ላዛውረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ሌሊቱን ሳይነጋ የሚያስኬድ

ቫይረሱ ኖረም አልኖረ፣ እነዚህ ካሉ ጎረቤት ቀስቅሱ። ራስ ምታቱ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፤ ሀገራችን ማጅራት ገትር በሚበዛበት የአፍሪካ ክልል ውስጥ ናት፣ እሱ ሰዓታት ነው የሚሰጠው። በሕይወታችሁ ታይቶ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት በቅጽበት ከፈነዳ። ራስ ከተመታ በኋላ ከሆነ። ሰውየው ከተምታታበት፣ ከተንዘፈዘፈ፣ እጅ እግሩ ከከዳው። ወባማ አካባቢ ያላችሁ፣ ወይም ከዚያ የተመለሳችሁ፣ ራስ ምታቱ ከብርድ ብርድ ማለትና ከትኩሳት ጋር ከሆነ በዚያው ቀን ደም ስጡ። ሳይነጋ የማያስኬድ ነገር ግን ችላ የማይባል አንድ አለ። ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ፣ ጋደም ሲባል እየባሰ፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሰ የሚሄድ ራስ ምታት። ይህ አልፎ አልፎ የአንጎል እጢ ምልክት ስለሚሆን በሐኪም መታየት አለበት። «ደም ግፊት ይሆናል» የሚለው የተለመደ ግምት ግን ብዙም አይሠራም፤ ግፊት በጣም ካልከፋ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ራስ አያሳምምም። የሚታወቀው በመለካት ነው።

ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጣችኋል። በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ፤ ስንት ሰዓት ቀሰቀሰኝ፣ የትኛው ወገን ያመኛል፣ ማታ ምን በላሁ፣ ምን ነድዶ ነበር፣ ስንት ክኒን ዋጥኩ፣ አብሮኝ ያደረውስ አሞታል? ይህን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባለሙያውን ግማሽ መንገድ ወሰዳችሁት ማለት ነው። ስለ ግንኙነት ስትጠየቁም እውነቱን ተናገሩ። የነገራችሁንን በምሥጢር የመያዝ ግዴታ አለብን፤ ደግሞም እመኑኝ፣ አዲስ ነገር አትነግሩንም።

እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሽሮዋን እማማ ጣራ ክፈፍ ሥር ውጭ መሥራት ጀመርን፤ ፍሙን አመድ አልብሰን እዚያው እንተወዋለን። የመነጽሩ ገንዘብ ሲመጣ ሁለት ያገለገለ ብርድ ልብስ ገዛንበት። ራስ ምታቱ በዚያው ጠፋ።

የደም ምርመራ ያደረግኩት በጥር ነው። ከነሐሴው ነገር አምስት ወር ስላለፈ ውጤቱ የሚታመን ነበር። ሰው ሲታዘበኝ እንዳይታይ ኮፍያዬን እስከ ዓይኔ ደፍቼ ሄድኩ። የምክር አገልግሎት ሰጪዋ ከውጤቱ በፊት «ምን አስመጣህ?» አለችኝ። የከሰሉን ታሪክ ነገርኳት። ሳቀችና «ታዲያ ራስ ምታቱ ከሰል መሆኑን ካወቅህ ለምን መጣህ?» አለችኝ። ትንሽ ዝም አልኩ። «በነሐሴ ያለ ኮንዶም ያደረግኩት ነገር ስላለ» አልኳት። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። «እሱ ነው የሚያስመጣው» ብላ ጣቴን ወጋችኝ።

ነጌቲቭ ነበር። ስወጣ የመንዙ ልጅ በርኖሱን ደርቦ ወረፋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እሱም ኮፍያውን ደፍቷል።